ሁለት ሁለት ሆኖ የሚታጨድ ገብስ

እየሩስዬ፣

ፖስት ካርዱ ላይ ያለውን ዋልያ ገና አላየሁትም። ዳባት አጠገብ በአጎቴ በአቶ ያርጋል ማሳ ዳር ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ዛሬ የገብስ አጨዳ ደቦ ነበር። ሰዉ እንደ ድሮው ጎን ለጎን ተሰልፎ ያጭዳል ብዬ ስጠብቅ፣ አጎቴ ተሰብስቦ ከላይ እንዳይታይ ሁለት ሁለት አድርገው በየጥጉ በተኑት። ዘፈኑን ግን አልተዉትም፤ አንዱ ከዚህ ጥግ ያወጣል፣ ሌላው ከወዲያ ማዶ ይቀበላል። ረፋድ ላይ ከሩቅ የሚያጉረመርም ነገር ተሰማና ዘፈኑ ቀጥ አለ። ሁሉም ማጭዱን ነዶ ሥር ሸሸገ።

«ማጭዱ ምን አደረገ?» አልኳቸው አጎቴን።

«ያብለጨልጫላ። ሰማይ ላይ ያለው ድሮን፣ ማጭድ ይሁን ጠመንጃ በምን ያውቃል?»

«ድሮን እኮ አጥርቶ ያያል ይላሉ።»

«ይይ። ፊቴ ላይ ገበሬ ነው ተብሎ ተጽፏል እንዴ ልጄ?»

ድምፁ የሞተር ሳይክል ሆኖ ተገኘ። ማንም አልሳቀም። ይልቅ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ለካ ስልኬን ይዤ እየቀረጽኩ ነበር። ሥራዬ የምትባል ጎረቤታቸው «ለማን ነው የምትልኪው?» አለችኝ። ለማንም ብላትም አላመነችኝም። አጠፋሁት።

እዚያ ሐዋሳ ሠርግሽን ከላይ የሚቀርጽ ድሮን ተከራይተሻል አይደል? ቦታ እያለቀብኝ ነው፤ እናትሽን ሳሚልኝ፣ ሙሽራውንም ሰላም በይልኝ። አጎቴ አብረውኝ ይመጣሉ። እባክሽ ድሮኑን ተዪው፤ ጭፈራው ሲደምቅ ሰዉን ሁለት ሁለት አድርገው እንዳይበትኑብሽ።

ስመኝ