የእማዬ ጦም

ለናፍቆቴ ለወንድም ጋሼ፤ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ልጅህ አድጋለች። ገበታ ላይ ያንተን ወንበር ይዛ «አባዬ ሲመጣ እለቅለታለሁ» ትላለች። ገበያው እሳት ቢሆንም እሷን አላጎደልንባትም።

እኔ አሁንም ሳይንስ አስተምራለሁ። በቀደም ሰውነት ምግብ ሲያጣ መጀመሪያ ስቡን፣ ቀጥሎ ጡንቻውን እንደሚበላ ሳስረዳ፣ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ የሚጦም ሰውስ?» አለችኝ። «እሱማ ማታ ይበላል» ብዬ አለፍኩ።

ጦሙ ከተፈታ ወር አለፈው፤ እማዬ ግን አልፈታችም። ድርሻዋን ለልጅህ ትገለብጥላታለች። ቀለበቷ እየሾለከ ስላስቸገራት ክር ጠምጥማበታለች። ያስተማርኩትን ስነግራት ሳቀችና «አንቺ የሆድ አስተማሪ ነሽ፤ የነፍሱን ለባለቤቱ ተዪለት» አለችኝ።

ትናንት አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እማዬ፣ ይሄ ጦም የምን ስለት ነው?» አልኳት። ቀለበቷን እያዞረች «ወንድምሽ በሰው አገር ጦሙን እንዳያድር ነው» አለችኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ሥራው ቢበዛብህም ጠግበህ እንደምታድር በገዛ እጅህ ጻፍላት። እኔ ብነግራት «ከራስሽ ጨመርሽበት» ትለኛለች፤ ያንተን ጽሑፍ ግን ታውቀዋለች። ሁለት መስመር ይበቃታል። ብቻ አታዘግየው።

ፖስተኛውን ደጅ ላይ ቆማ የምትጠብቅ ታናሽ እህትህ