ሻይህን ከማሽኑ ውስጥ አወጣሁት

እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን
ከቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ

ይድረስ ለሽቦ፣ ለልጄ አባት፤

እንደምን ነህ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ልጅህ በቁመት እኔን አልፋ የላይኛውን መደርደሪያ ያለ ወንበር ትደርስበታለች። አመሏ ግን ያው የአንተ ነው፤ ስትናደድ ምንም አትናገርም፣ ንጹሕ ሳህን አውጥታ ደግማ ታጥባለች። የወጥ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ይንጠባጠባል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሃለች። «ዛሬም ሲያስነጥስ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። «እኔ ምን አውቄ» አልኳት። እውነቴን ነው፣ ምን አውቄ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ያን ያህል ጊዜ ድምፅህን አጥፍተህ ከርመህ ድንገት አራት ገጽ! ፊደልህ ገዝፏል፤ አንዳንዱ መስመር ከወረቀቱ ጫፍ ወርዶ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እህትህ ስለ ዓይንህ አንድ ነገር ልትነግረኝ ስትጀምር «ካለው ራሱ ይጻፍልኝ» ብዬ አፏን አስያዝኳት። አንተ ደግሞ ስለ እሱ አልጻፍክም። የጻፍከው እንዲህ ብለህ ነው፦ «ልመለስ ነው። ለአለቃም ጽፌለታለሁ። ያ ማሽን ያለ እኔ እንደማይሆንለት አውቃለሁ። ወንበሬን ስላሞቅሽልኝ አመሰግናለሁ፤ ከእንግዲህ ወደ ካርድ ክፍልሽ ተመለሺና እረፊ።»

ቆሜ ነበር የማነበው፣ ተቀመጥኩ። እንደገና ተነሣሁ። ልጅህ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ብትለኝ «አባትሽ ሊመጣ ነው» አልኳትና ወዲያው ደግሞ «ወይ ፍንክች!» አልኩ። ግራ ገባት። የመጀመሪያው በደስታ ነበር፣ ሁለተኛው ስለ ወንበሩ ነው።

እና ሽቦዬ፣ ገና ከአሁኑ በግልጽ ልንገርህ፤ ወደ ቤትህ ና፣ ከዚያ ወንበር ግን አልነሣም። ደግሞም አላሞቅኩልህም። ተቀምጬበት ነው የሞቀው።

የሆነውን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። «አንቺ ደግሞ፣ ካሴት ከማመላለስ ሌላ ምን አገባሽ?» ብለህ ስቀህ ዘጋኸው። ደብዳቤ ደጉ፣ መሐል ላይ አይዘጋም፤ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

አንተ የተሻለ ደሞዝ አገኘሁ ብለህ ስትሄድ «ለጊዜው» ብለው ከካርድ ክፍል አንሥተው አወረዱኝ። ያው ምድር ቤቱ፣ ያው ከጎኑ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ፣ ያው የሳሙና ሽታ በበሩ ሥር እየገባ። በፊት ካሴቶቹን ጠዋት ጠዋት ወደ ማዶው ሕንፃ የብረት ሣጥን የማደርሰው እኔ ስለነበርኩ «ቢያንስ የት እንደሚቀመጡ ታውቃለች» ተባለ። ዕውቀቴ ይኸው ነበር፣ አልዋሽህም። ክፍሉ እንደ ፍሪጅ ሆድ ይቀዘቅዛል፤ የአንተን ሹራብ ለብሼ ዋልኩበት።

ልጅህ ማሽኑን ልታይ አንድ ቀን መጥታ ነበር። እንዲህ ብዬ አስረዳኋት፦ «ይኸውልሽ፣ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን በዪው። መደርደሪያው ላይ ካሴቶች ተደርድረዋል። ይህ የብረት ክንድ አንዱን ያነሣና ከሁለቱ ድራይቮች ላንዱ፣ ለላይኛው ወይም ለታችኛው፣ ያጎርሰዋል። ድራይቩ የሆስፒታሉን መዝገብ ካሴቱ ላይ ይጽፋል። የሰው የደም ዓይነት፣ የሕፃናት ክትባት፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ፤ ላይ ያለው ኮምፒውተር አንድ ቀን ቢቃጠል የሚቀረን ይኸው ነው።» «ኮምፒውተሩ ክንዱ ለየትኛው እንዳጎረሰ በምን ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ያንተ ልጅ! እኔ እሱን ጥያቄ ለመጠየቅ ስንት ወር ፈጅቶብኛል።

ምክንያቱም መብራት ጠፍቶ የመጣ ዕለት ጉድ ፈላ። ማብሪያውን ሁሉንም ባንዴ ነካሁት። ሁሉም በራ፣ ደስ አለኝ። ክንዱ ካሴቱን አንሥቶ ለላይኛው አጎረሰ፤ ኮምፒውተሩ ግን የታችኛው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «ካሴት የለም» ይላል። እንዴት የለም? በመስታወቱ እያየሁት! ሲጠብቅ ቆይቶ ሰለቸውና ተወው። በማግስቱም እንደዚያው። እኔም የላይኛው ሞቷል ብዬ ማልኩ፤ ነቅለው ለጥገና ላኩት። ጠጋኙ መልሶ ላከው፣ «ይሄ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው» ብሎ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ያኔ ነው ኢንጂነሯን የቀጠሩት። አታውቃትም፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ስታስብ እስክሪብቶ የምታኝክ ልጅ ናት። ኮምፒውተሩን አየች፣ ማሽኑን ዞረች፣ መጨረሻ ላይ ወደ እኔ መጣች።

«እትዬ፣ ከአንቺ በፊት የነበረው ሰውዬ መብራት ሲመለስ ምን ያደርግ ነበር?»

«ምን ያደርጋል፣ ሻይ ይጠጣ ነበር» አልኩ። ከልብስ ማጠቢያው የመጡት ሴቶች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«መቼ ነው የሚጠጣው?»

«የላይኛውን ካበራ በኋላ። ሻዩን ጨርሶ ነው የታችኛውን የሚያበራው።»

እስክሪብቶውን ከአፏ አወጣችው። «እትዬ፣ እሱ ሻይ አይደለም» አለችኝ።

ኮምፒውተሩ ለካ ቀድሞ የነቃውን ድራይቭ «አንደኛ» ብሎ ይጠራል። ቁም ሣጥኑ ደግሞ አንደኛ የሚለው የላይኛውን ነው። አንተ የላይኛውን አስቀድመህ ታነቃና ሻይ እየጠጣህ ትጠብቀዋለህ፤ ሁለቱም ይስማማሉ። እኔ ባንዴ ሳበራቸው የታችኛው ቀድሞ ነቃ። ክንዱና ኮምፒውተሩ እየተላለፉ አንዱ እዚያ ሲሰጥ ሌላው እዚህ ሲጠብቅ ከረሙ። እኛ ሱስህ መስሎን ስኳር እናቀርብልህ ነበር! ታውቅ ነበር አይደል? ታውቅ ነበር። ሻዩ ሲቀዘቅዝ እንኳ ጥለኸው አትነሣም፤ ቀዝቃዛ ሻይ እንደማትወድ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ለአንድም ሰው ሳትናገር ይዘኸው ሄድክ።

አለቃን ታስታውሰዋለህ፣ ሁሉን ነገር ነገ ስለሚል «ነገዬ» የምንለውን። ስንነግረው «ታዲያ ምን ችግር አለ? ሻይ ጠጡ!» አለን። ኢንጂነሯ አየችኝ። «እኔ ሻይ የምጠጣው ሲያሰኘኝ ነው» አልኩት። «እኔ ብታመምስ? የሚተካኝ ሰው ሻይ ባይወድስ?»

እንዲህ አደረግነው። እያንዳንዱ ድራይቭ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀርባው ላይ የተለጠፈበት የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ የትም ቢቀመጥ፣ መቼም ቢነቃ አይለወጥም። ኮምፒውተሩን «ማን ቀደመ እያልክ አትቁጠር፤ ይህን ቁጥር የያዘው የላይኛው ነው፣ ያንን የያዘው የታችኛው ነው» ብለን አስያዝነው። ንግግሩ ቀላል ነው። እኔ ከግድግዳውና ከማሽኑ መሐል ተሸጉጬ፣ ባትሪ በጥርሴ ይዤ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ቁጥሩ የተጻፈው ለጉንዳን ነው እንጂ ለሰው አይደለም። ጨርሰን አበራን፤ እንቢ አለ። ለካ ቢ የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ስምንት ብዬ ጠርቼ ነበር።

ለምሳ ቤት ስመጣ መሳቢያህን ከፍቼ ትተኸው የሄድከውን መነጽር አወጣሁ። አንዱ እግሩ በፕላስተር የታሰረውን። አድርጌው ተመልሼ ተሸጎጥኩ። ቢዋም ቢ ሆና ታየች፣ ማሽኑም ታዘዘ። ኢንጂነሯ ተነሥታ አቀፈችኝ፤ ጀርባዬ ሁሉ አቧራ ነበር፣ ግድም አልሰጣት።

ከዚያ ወዲህ የታችኛው ድራይቭ የእውነት ተበላሽቶ አዲስ መጥቷል። እሷ እጇን ጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችና «እትዬ፣ አልነካም፣ አንቺ ነሽ የምትሠሪው» አለችኝ። የድሮውን ቁጥር አጥፍቼ አዲሱን አስገባሁ። ጻፍኩበት። በዚያ አላቆምኩም፣ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። መልሶ ካልተነበበ ተጻፈ አልልም፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ከአንተ ስልክ ነው የተማርኩት። ስንት ነገር ነግሬህ ሰማኝ ስል አልሰማኸኝም።

አሁን ወደ ደብዳቤህ። ነገዬ ባለፈው ሐሙስ አስጠራኝ። የአንተን ወረቀት ይዞ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«ደስ ይበልሽ፣ ባለቤትሽ ሊመጣ ነው! ካርድ ክፍል ቦታሽ እንዳለ ነው፣ ማንም አልነካውም።»

«በመምጣቱ ደስ ብሎኛል» አልኩት፤ «ካርድ ክፍሉን ግን ለሚፈልገው ይስጡት።»

«እሱ እኮ ያለ እኔ አይሠራም ብሎ ጽፏል።»

«እንግዲያው ይውረዱና ራስዎ ያጥፉት። ራስዎ ያብሩት። በፈለጉት ቅደም ተከተል።»

«ነገ…»

«ዛሬ» አልኩት። እጄን የሹራብህ ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ባይሠራ ካርድ ክፍል እንደምገባ፣ እዚያው እንደማረጅ አውቃለሁ።

ወረደ። ክራባቱን እያስተካከለ፣ በብርዱ እየተኮራመተ፣ ሆነ ብሎ የታችኛውን አስቀድሞ አበራ። ቆየ። ከዚያ የላይኛውን። ክንዱ ተንቀሳቀሰ፣ ካሴት አነሣ፣ ለላይኛው አጎረሰ፤ ኮምፒውተሩም እዚያው አገኘው። ኢንጂነሯ እስክሪብቶዋን ልትውጠው ደረሰች። «ያለፈውን ዓመት የጥበቃዎች ተራ አምጪልኝ» አለ። አመጣሁለት፣ ከካሴቱ፣ ቁልጭ ብሎ። ስሕተት እንደሚፈልግ ሰው እስከ መጨረሻው አነበበው። «ሌላ» አለ። ሌላ አመጣሁ። «ሌላ» ሲል ጊዜ «ሻይ ላምጣልዎ?» አልኩት።

የልብስ ማጠቢያዎቹ ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ነበር። እነሱ ሲስቁ ነገዬም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ከሹመት ወረቀቴ ላይ ሰረዘልኝ። እዚያው፣ ማሽኑ ላይ አስደግፎ።

እንግዲህ ሽቦዬ፣ ሻይህን ከማሽኑ ውስጥ አወጣሁት። ካሁን በኋላ ማንም ያብራው፣ በየትም በኩል ያብራው፣ ይሠራል። ነገ እኔ ብቀርም ይሠራል። አንተ ደግሞ ሻይህን ሲያሰኝህ፣ ትኩሱን፣ ቁጭ ብለህ ትጠጣለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ካሴቶቹን ወደ ማዶው ሕንፃ የሚያመላልስ፣ ክንዱን የሚያጸዳ፣ ቁም ሣጥኑ ሲጮህ ጆሮ የሚሰጥ ረዳት ጠይቄ ፈቅደውልኛል። አንተ ድምፁን ሰምተህ ሕመሙን ታውቅ ነበር፤ እሱ ችሎታ ዓይን አይፈልግም። ደቃቃውን ቁጥር እኔ አነብልሃለሁ። አለቃህ እሆናለሁ ማለት ነው። እየሳቅክ ከሆነ ሳቅ፤ ከሳቅህ በኋላ አስብበት። እስከ ወሩ መጨረሻ ቦታውን ለማንም እንዳይሰጡ ነግሬያቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ይስጡት፤ አልለምንህም።

መንገድህን ያቅናልህ። ከክፉ ዓይንና ከክፉ ሰው ይሰውርህ። ልጅህ እጅህን ትስማለች፤ እሷም በራሷ ብዕር ትጽፍልሃለች፣ ሳህኗን አጥባ ስትጨርስ።

የልጅህ እናት፣
የማሽን ክፍሉ ኃላፊ

ይህንንም ሳልነግርህ እንዳልዘጋው። ከመነጽርህ በቀር ሌላውን ነገር ሁሉ ውሰድብኝ። ሹራቡን ከፈለግህ እመልስልሃለሁ፤ መነጽሩን ግን አልመልስም፣ ፊቴን ለምዶታል። ደግሞም እህትህ አፏን ሳላስይዛት በፊት ያመለጣት ነገር እውነት ከሆነ ይሄኛው ለአንተም አይሆንህም። ስትመጣ መጀመሪያ ሐኪሙ ዘንድ፣ ቀጥሎ መነጽር ቤት፣ አብረን እንሄዳለን። እጅህን ይዤ። ይህን ደግሞ እንቢ ማለት አትችልም፤ አለቃህ ነኝ።