አስራ አራቱ ጥቅል ወረቀትና የኦቪላ ጆሮ

ለክቡር ሙሲዬ ጋስቶን ብሪዬር
የሳን-ፍሎሪያን የጋዜጣ ወረቀት ፋብሪካ ፕሬዚዳንት

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደ ማዕረግዎ ከፍ ከፍ እያለ እንደሆነ ተስፋ በማድረግ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለማንም፣ ኑዛዜዬን ለሚሰማው ቄስ እንኳ፣ ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ዛሬ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ፦ የባለቤቴ የኦቪላ ላቬርዱር ጆሮ ደክሞ አያውቅም። ይህን አውቅ ነበር፤ እያወቅሁም ዝም አልኩ።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሳምንት በየቤታችን ያስበተኑት የፋብሪካው የሰባኛ ዓመት መጽሔት ነው። ድንበር ማዶ ያሉት አሜሪካኖች በወረቀታችን ላይ ስለጫኑት ቀረጥ እርስዎ ያሰሙትን እሮሮ በጥሞና አነበብኩ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ግን «ለደቡብ ጎረቤቶቻችን ስንሸጥ የተዋረድነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ጆሮው በደከመ አንድ ሠራተኛ ጥፋት ነው» ይላል። ስሙን ስላልጻፉት አመሰግናለሁ። አራት ሺህ ሰው በሚኖርበት ከተማ ስም መጥቀስ ቀለም ማባከን ነው። ቅሬታዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፤ ወረቀቱ ወደሚጠቀለልበት ክፍል ብቅ የማለት ልማድ ስለሌለዎት የባለቤቴን ሥራ ባስታውስዎ አይቀየሙኝም። ኦቪላ እያንዳንዱን ጥቅል ከዳር እስከ ዳር በእንጨት ዱላ እየመታ ያዳምጥ ነበር። ጠብቆ የተጠቀለለ ወረቀት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ይታፈናል፤ ማተሚያ ማሽን ላይ ሲወጣም ይበጠሳል። ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አስራ አራት ጥቅሎች ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ቁጥራቸውን በእጁ ጽፎ ሰጠኝ። እኔ የጭነት ክፍል ጸሐፊ፣ እርስዎ የክፍሉ ኃላፊ ነበርን። ወደ አሜሪካ፣ ኦሃዮ የሚሄደው ባቡር ቆሞ ይጠብቃል። ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፈው «ኤርሚንዬ፣ ባልሽ ደግሞ መራቀቅ ይወዳል። ሰዎቹ ጋዜጣ ነው የሚያትሙበት፣ የሙሽራ ቀሚስ አይሰፉበትም። አንደኛ ደረጃ ብለሽ ጻፊው» አሉኝ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ጻፍኩ። የጠመኔውን ምልክት መጠቅለያው ሸፈነው፤ አስራ አራቱም ድንበር ተሻገሩ።

ሁለተኛ፤ የኦሃዮው ማተሚያ ቤት የቅሬታ ደብዳቤ ሲልክ ግቢ ውስጥ ሰብስበው ከእንግሊዝኛ ወደ ቋንቋችን እየተረጎሙ ስላነበቡልን ውለታዎ አለብኝ። ፈታሹ ሥራውን አያውቅም ይላል አሉን። ቀጥለውም «ኦቪላ ወንድሜ፣ አንተ ሳትወጣ ጆሮህ ጡረታ ወጥቷል» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ጸሐፊ በአሮጌ ጋዜጦችና በአንድ መዝገበ ቃላት እንግሊዝኛ ማንበብ ራሷን ታስተምራለች ብለው አልጠረጠሩም፤ ደብዳቤውንም ፋይል እንዳደርገው ሰጡኝ። ስለ ፈታሹም ሆነ ስለማንም ጆሮ የሚያነሳ ቃል የለውም። የተበጠሱትን ጥቅሎች ቁጥር ይዘረዝራል፤ ኦቪላ ከሰጠኝ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ ይገጥማሉ።

ሦስተኛ፤ ዱላውን ቀምተው መጥረጊያ ሰጡት። ባለቤቴ ቤት ገብቶ በማንኪያ ጠረጴዛውን መታ፣ ምድጃውን መታ፣ የበሩን መቃን መታ። «ኤርሚን፣ ይሄ ከቅድሙ ይለያል? እውነቱን ንገሪኝ እስቲ» አለኝ። «ደክሞህ ይሆናል» አልኩት። ቃናቸውን አበላሻለሁ ብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ወጣ። ሐኪሙ ጆሮህ ደህና ነው ቢለው «ሊያጽናናኝ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ አስራ አንድ ዓመት ኖረ፤ አንድም ቀን ጆሮውን አላመነም።

አራተኛውን ቅሬታ ለእርስዎ አላቀርብም። እሱ የእኔ ነው።

የምጠይቀው ሁለት መስመር እርማት ነው፤ ኦቪላ ላቬርዱር በትክክል እንደሰማ፣ ሳይሰሙት የቀሩትም እርስዎና እኔ እንደሆንን። ከዚህ በላይ በመጠየቅ ከሰባኛው ዓመት በዓል ንግግር ዝግጅትዎ ላዘናጋዎ አልደፍርም።

በትእዛዝዎ ውሸት የጻፈች፣ ያለ ትእዛዝዎ እውነቱን ለመጻፍ አስራ ዘጠኝ ዓመት የፈጀባት፣ ለደግነትዎ ሁሉ ተገቢውን ክብር የምትሰጥ፣
ኤርሚን ላቬርዱር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የአገራችንን ወረቀት የሚያወድሰው መጽሔትዎ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ወረቀቱ ከፊንላንድ የመጣ» ይላል። ምርጫዎን አደንቃለሁ፤ ፎቶግራፍዎ በእኛ ወረቀት ላይ እንዲህ አያበራም ነበር።

የዚህ ደብዳቤ አንድ ቅጂ ከኦቪላ ዝርዝር ጋር ለኦሃዮው ማተሚያ ቤት፣ አንዱ ለከተማችን ጋዜጣ፣ አንዱ ለእርስዎ ሰኞ በፖስታ ይላካል። የመጀመሪያው ግን የልጃችን የኖርማን ነው። ዛሬ በፋብሪካዎ ጥቅል እየመታ የሚያዳምጠው እሱ ነው። ጓደኞቹ «በአባትህ ጆሮ እንዳትሰማ አደራ» ይሉታል፤ አብሯቸው ይስቃል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በእጁ እሰጠዋለሁ፤ አንብቦ እስኪጨርስም ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ።