እትዬ ቀስ በሉ፤ ከመኪና ወርደው በእግራቸው የሄዱ

በሰፈርም በሥራ ቦታም «እትዬ ቀስ በሉ» እየተባሉ የሚጠሩት እኅታችን፣ ከጫማ ሠሪው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ ያዋለዱት እናታቸው የራሳቸው ምጥ ሲመጣ አዋላጅ ጠፋ፤ አባታቸው ማስቲሽ በነካው እጃቸው ተቀበሏቸው። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር እወቁልን። በዚህ ለቅሶ ድንኳን ከፊት ያለው ወንበር ባዶ የሆነው ረስተነው አይደለም። የልጃቸው ነው። ይህ ሲጻፍ እሷ ገና መንገድ ላይ ናት።

እትዬ ትምህርታቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለው በ1968 ዓ.ም. በአንድ የእርዳታ ድርጅት የሬዲዮ ክፍል ተቀጠሩ። መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ካርታ፣ ጠረጴዛው ላይ መገናኛ ሬዲዮ ነበር። ሥራቸው እህልና መድኃኒት ጭነው የወጡ መኪኖች «ደርሰናል» እስኪሉ መጠበቅ ነው። አንዳንዱ ይላል። አንዳንዱ ዝም ይላል። ከዝምታው ጋር መቀመጥ ስላንገፈገፋቸው በ1975 ዓ.ም. ራሳቸው ከመኪኖቹ ጋር መውጣት ጀመሩ።

በዚህ መካከል፣ በ1972 ዓ.ም.፣ ጋሼ ሰፊውን አገቡ። ጋሼ ሰፊው እጃቸው የተባረከ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሚስታቸው መንገድ ሲወጡ ግን እጃቸውም አብሮ ይወጣል። የቀኙን እጅጌ በግራ ሰፍተው ያስረከቡት ሰው ዛሬም እዚህ መካከላችን አለ። ደንበኞቻቸው ጨርቅ ከመስጠታቸው በፊት በር ላይ ቆመው «እትዬ ቤት አሉ?» ይሉ ነበር። የሉም ከተባለ ጨርቁን ጠቅልሎ መመለስ ነው። ወንድ ልጃቸው በ1974፣ ሴት ልጃቸው በ1979 ዓ.ም. ተወለዱ።

በ1981 ዓ.ም. የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለማያውቀው እንንገር። እትዬ ከረጅም መንገድ ተመልሰው ቢሮ ሪፖርት ሊያደርጉ ወረዱና ሻንጣቸውን በአዲሱ ሹፌር ወደ ቤት ላኩ። ሹፌሩ ገና ልጅ፣ ዓይነ አፋር ነበር። ነጩን መኪና በሩ ላይ አቁሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ሻንጣውን ዘረጋ። ጋሼ ሰፊው ሻንጣውን አዩ፤ ሚስታቸውን አላዩም። አንድ ቃል ሳይነገራቸው እዚያው ተዘረሩ። ሹፌሩ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ፊት ለፊቱ ሲወድቅ ግራ ገባውና አብሮ ማልቀስ ጀመረ። ጎረቤት ሹፌሩ ሲያለቅስ አየ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ? ወንበር ተሰበሰበ፣ ለቅሶው ቀለጠ።

እትዬ ወደ ማታ ግድም ብቅ ሲሉ ደጁ በሰው ተሞልቷል። በር ላይ ደረታቸውን ይዘው የተቀመጡትን አንዲት ጎረቤት ጠየቁ።

«ምነው፣ ማን ሞተ?»

«የሰፊው ሚስት» አሉ ጎረቤትየዋ ቀና ሳይሉ። «ስንቴ መከርናት! እምቢ ብላ መንገድ በላት።»

«ኧረ እባክሽ? መቼ?»

ጎረቤትየዋ ያኔ ቀና አሉ። ጩኸታቸው እስከ ወፍጮ ቤቱ ተሰማ።

የሳቅ ጊዜ ሲያልፍ እትዬ ለብቻቸው ተቀመጡና አሰቡ። ከዚያ ቀን ወዲያ የቤቱ ሕግ ወጣ፦ የድርጅቱ መኪና በር ላይ አይቆምም። ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ ቆሞ፣ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፍቶ፣ ሰው በእግሩ ይመጣል። ሁለት ጥሩምባ «ደኅና ነን» ማለት ነው። ሹፌሩም «ጥሩምባ» የሚለውን ስም ያተረፈው ያኔ ነው።

ይህንኑ ሕግ ወደ ሥራቸው ወሰዱት። ኬላ በሩቁ ሲታይ መኪኖቹን «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» እያሉ ያስቆሙና ብቻቸውን ወርደው፣ እጃቸውን እያሳዩ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ጠብመንጃ የደገነው «ማነሽ? ቁሚ!» ሲል «ቆሜያለሁ ወንድሜ፤ የምጠጣው ውሃ አለህ?» ይላሉ። ውሃ ያቀበለ እጅ ቶሎ አይተኩስም ባይ ናቸው። አዳዲስ ሠራተኞች ሲያሠለጥኑም እንዲህ ይሉ ነበር፦ «መኪና ሲመጣ ጠላት ይመስላል፤ ሰው በእግሩ ሲመጣ እንግዳ ነው። ባሌን መሬት ላይ የጣለው ሻንጣ የጫነ መኪና ነው። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረውን ወታደርማ ምን ያደርገው?» አንድ የሚወዱት ባልደረባቸው ግን አንድ ቀን ቸኩሎ ሳይወርድ ወደ ኬላው ነዳ፤ በዚያው ቀረ። እትዬ ስሙን ሳያነሱ ሥልጠና ጨርሰው አያውቁም።

በዚህ አካሄድ የተጣሉ መንደሮችን በአንድ ውሃ ጉድጓድ አስማምተው፣ የታገቱ አስፈትተው፣ ስንት እናት ከነልጇ አሻግረው በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ጋሼ ሰፊው «ተመስገን፣ አሁን እጄ ተመለሰልኝ» ባሉ በሳምንቱ ሴት ልጃቸው በእናቷ ቦታ ልቀጠር ነው አለች። ሹፌሯም ያው ጥሩምባ ሆነ። እጅጌው ተመልሶ ዞረ።

እትዬ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማክሰኞ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ የባለቤታቸውን እጅ እንደያዙ ዐረፉ። ልጃቸው ሕመሙ ሲጠና ልምጣ ብላ ነበር። እሳቸው ግን በስልክ «እኔ አልጋ ላይ ነኝ፤ እነሱ መንገድ ላይ ናቸው። ጀምረሽ አትተያቸው» አሏት። በጦርነት ከተከበበች ከተማ በሽተኞችና አራሶች የምታወጣው እሷ ናት። መርዶውን ረቡዕ ነገርናት። ብዙ አለቀሰች፤ ቀጥላም «አሻግሬያቸው እመጣለሁ፤ ጠብቁኝ» አለች። ሐሙስ «ተነሥተናል» የሚል ቃል ደረሰን። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ቀብሩን እናዘግይ ብንል እትዬ አስቀድመው «በእኔ ሰበብ ማንም እንዳይቸኩል፣ እኔንም አታቆዩኝ» ብለው ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ እንሸኛቸዋለን።

ጋሼ ሰፊው ከሐሙስ ጀምሮ ወንበራቸውን ወደ ወፍጮ ቤቱ ጥግ አዙረው ተቀምጠዋል። ለሚስታቸው እንኳ በቅጡ አላለቀሱም፤ እንባቸው ተራ እየጠበቀ ነው። ጎናቸው መቀመጥ እንጂ «አይዞዎት» ማለት አያስፈልግም፤ ደክሟቸዋል።

እትዬ ባለቤታቸውን፣ አስተማሪ ልጃቸውን፣ መንገድ ላይ ያለችውን ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። ነፍሳቸው እንደ ጠባያቸው ከሩቅ ወርዳ በእግሯ ስትደርስ፣ ፈጣሪ እንደ እንግዳ ውሃ አቀብሎ ያስገባልን። ለእሳቸው በሩን፣ ለልጃቸው መንገዱን ይክፈትልን።

ይህ ሲነበብ ከጥጉ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ከተሰማ፣ አንባቢው እዚያው ላይ ያቁም። ማንም አይደንግጥ፣ ማንም አይጋፋ፤ እኛ ሁላችን ቀስ እንላለን። ለጋሼ ሰፊው ብቻ መንገድ ልቀቁላቸው። እሳቸው ቢሮጡ ማንም ቀስ በሉ አይበላቸው።