አንኮበርን ከመስቀል በፊት አየሁት

አንባቢዎቼ፣ አትሳቁብኝ እንጂ ሰሞኑን ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ ከሞተው ባሌ ጋር ስጣላ ሰው ሰማኝ። ከተሰማ አይቀር እናንተም ስሙት።

ሙሌ ሆዴ፣

ከተለያየን ዓመት ሞላን። የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሷል፤ እኔ አሁን ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነኝ። እድርተኛው በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ግን አንተን ለማማት ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። ልጃቸው ሊያገባ ነው፤ የሙሽሪትን ነገር ሌላ ቀን።

አሁን ወደ ንዴቴ። ትዳራችንን ሙሉ «አንኮበር እወስድሻለሁ፤ ከአፋፉ ላይ ሆነሽ የአፋርን በረሃ ቁልቁል ታዪዋለሽ» ስትለኝ ኖርክ። መቼ? ከመስቀል ወዲያ። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ከመስቀል ወዲያ። ደረትህን ሲወጋህ ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ስለምንህም፣ ጭቃው ይድረቅ፣ ከመስቀል ወዲያ! በነሐሴ ጥለኸኝ ሄድክ። ደመራውን ብቻዬን አየሁት።

እኔም እልህ ይዞኝ በዚሁ በነሐሴ አንኮበር ወጣሁልህ። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት እያወጣ ነው የነዳው። እህትህ አልማዝ ንፋስ የገለበጠው ጃንጥላ ይዛ ተቀበለችኝ። የነገሥታቱ ግቢ ወደነበረበት ኮረብታ በጭቃው እየተንሸራተትን ወጣን። ምን አየሁ? ጉም። በረሃው ቀርቶ የጫማዬ ጫፍ አይታይም። አልማዝ ጉሙን እሷ የጠራችው ይመስል አፍራ፣ «አይ እትዬ፣ ከመስቀል ወዲያ ቢመጡ ኖሮ እኮ...» አትለኝም!

በቃ፣ ፈነዳሁ። «አንተ ሰውዬ! ሞት መስቀልን ይጠብቅልኛል ብለህ ነው?» ብዬ ወደ ጉሙ ጮህኩ። ከጉሙ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ፣ «ኧረ እሜቴ፣ ከአፋፉ ፈቀቅ ይበሉ! የሚቆጧቸው ሰውዬ ገደል ገብተው ነው እንዴ?» አለኝ። አልማዝ ሳቋ አመለጣት። እኔ አልሳቅኩም።

ያልነገርኩህ ነገር ስላለ ነው። ጡቴ ሥር ጠጠር የምታህል እብጠት ካገኘሁ ሰነበትኩ። ለማንም አልተነፈስኩም። ለራሴ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? ከመስቀል ወዲያ። ይህን ነው ያወረስከኝ፣ ሙሌ!

አልማዝ ሰማዩ እስኪገለጥ ይደሩ ብላ ለመነችኝ። አላደርኩም። በዚያው ዝናብ ወረድኩ።

ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ነኝ፣ በረዶ ቢያወርድም። አንተን እንደሁ አልረሳህም፤ ደመራ በተለኮሰ ቁጥር እየተናደድኩ አስብሃለሁ። ሐኪሙ የሚለኝን መጀመሪያ የምነግረው ላንተ ነው፣ ክፉም ይሁን ደግ። አንባቢዎቼም ይስሙ።