የአሥር አለቃ ሽቦ ድምፅ

ውድ እታለም፤

እንደምን ነሽ ብዬ ልጀምር አስቤ እፍረት ያዘኝ። እንዴት እንደሆንሽ እማዬ ነግራኛለች። ፊልሙ ከታየበት ቅዳሜ ወዲህ አንዲት ቃል ከአፍሽ አልወጣችም። እማዬ ስትጠራሽ ራስሽን ትነቀንቂያለሽ፣ ዳቦ ቤት ሄደሽ በጣትሽ እያሳየሽ ትገዣለሽ፣ ሥራ ቦታ ለአለቃሽ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ትሰጪዋለሽ። እሷ ብርድ ጉሮሮሽን የመታሽ መስሏት ጠዋት ማታ ዝንጅብል እያፈላች ታጠጣሽ ነበር። ጉሮሮሽ ደህና መሆኑን የማውቅ እኔ ነበርኩ፤ አውቄም ዝም አልኩ። በርሽ ላይ መጥቼ ብቆም አልከፈትሽልኝም፤ ደግ አደረግሽ። ይህን የምጽፍልሽ ይቅር እንድትይኝ ብቻ አይደለም። እንደገና እንድትናገሪ ልለምንሽ ነው።

ሰው ሁሉ የሥዕል ታሪካችንን ጀግና አሥር አለቃ ሽቦን የፈጠርኩት እኔ እንደሆንኩ ያምናል። እኔም «ጎበዝ» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ ፈገግ ማለት ለምጄ ነበር። አንቺ ግን እንዴት እንደሠራነው ታውቂያለሽ። ታፔላ ከምትጽፊበት ቤት የተረፈ ካርቶን ይዘሽ ትመጪና ሥዕሉን ሥለሽ ትጨርሻለሽ፤ ሰዎቹ የሚናገሩበትን ክብ ግን ባዶውን ትተዪዋለሽ። እኔ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ስመለስ ክቡን በቃል እሞላለሁ። ቃል ያበዛሁ እንደሆነ ላጲስሽን ታነሺና «ይሄ ለማን ነው?» ብለሽ ግማሹን ታጠፊዋለሽ። ሥራችን ይኸው ነበር፤ አንቺ ትሥያለሽ፣ እኔ እዘባርቃለሁ፣ አንቺ ትደመስሻለሽ።

ሽቦ ፍንዳታ ጆሮውን የነሳው ወታደር ነው። የጦሩ ሐኪሞች ከጆሮው ኋላ ቆዳውን ሰንጥቀው መሣሪያ ቀበሩበት፣ በላዩም በማግኔት የሚለጠፍ ክብ ነገር ሰጡት። እሱን የለጠፈ ጊዜ ተራራ ማዶ ያለ የጠላት ኮቴ ይሰማዋል፣ የብረት በር በትከሻው ይገነጥላል። ችግሩ የአዛዡም ትእዛዝ በዚያው ሽቦ ቀጥ ብሎ ጭንቅላቱ ውስጥ መግባቱ ነው፤ እሱ ሳይፈቅድ እግሩ ይራመዳል። ማግኔቱን ሲነቅለው ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ዓለም ጸጥ ይላል፣ የሚያደርገውንም ያኔ ራሱ ይመርጣል። እነዚያን ገጾች ያለ አንድ ቃል ነበር የምትሠሪያቸው። አንባቢ ከሁሉ የሚወድደው እነሱን ነበር፤ እኔ ቃል ጻፊው ደግሞ ቅናት ይዞኝ አላውቅም ብል ውሸት ነው።

ከየት እንዳመጣሽው አልጠየቅሁሽም። አንቺም ሥራ ስትጀምሪ መሣሪያሽን ከጆሮሽ ኋላ ነቅለሽ የጠረጴዛው መብራት ብረት ላይ ትለጥፊው ነበር። ትኩሳቱ ጆሮሽን ሲወስደው ትንሽ ልጅ ነበርሽ፤ መሣሪያው እስኪገጠምልሽ ድረስ ያለውን ዕድሜ የራስሽን ድምፅ ሳትሰሚ ተናገርሽ። ለዚህ ነው ቃልሽ ወፈር፣ ድምፅሽ ከፍ የሚለው። ሽቦንም እንደዚያው አደረግሽው። ንግግሩን የምጽፍበትን ፊደል ዘመም አድርገሽ አሳየሽኝና «ምላሱ እንደኔ ነው፤ እንዳታቃናው» አልሽኝ።

አቃናሁት።

ሽቦን ፊልም ሊያደርገው የፈለገው ፕሮዲውሰር ቢሮው የጠራን ሁለታችንን ነበር። እኔ «እሷ ሥራ ላይ ናት፣ እነግራታለሁ» ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሻይ ጋበዘኝ፣ ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ ፊልሙ ላይ ድምፅ ከጠፋ ተመልካቹ ማጉያው ተበላሸ ብሎ ያፏጫል አለኝ። ቀጥሎም የሚኮላተፍ ጀግና ሰው ያስቃል እንጂ አያስፈራም አለኝ። ታሪኩ እኮ እሱ ራሱ ነው ማለት ነበረብኝ። «ልክ ነህ» አልኩት። ያን ቀን እዚያው ተቀምጬ፣ ሽቦ ማግኔቱን ነቅሎ የሚያሰማው ረጅም ንግግር ጻፍኩ፤ ላጲስ የያዘ ሰው አጠገቤ አልነበረማ። ቤት መጥቼ «ትንሽ ነገር ነካክተውበታል» ስልሽ ትከሻዬን መታ አድርገሽ ሳቅሽ። አመንሽኝ።

ቅዳሜ ሰማያዊ ቀሚስሽን ለብሰሽ መጣሽ። በር ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ፎቶ፣ የተዋናዩን ደረትና ክንድ አየሽና «ይሄ ሽቦ ነው የስልክ እንጨት?» አልሽ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ እማዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ድምፅሽ ግን ከፍ ብሎ ነበርና ሰልፍ ላይ ያሉት ዞር አሉ፤ እኔም ከእናንተ ራቅ ብዬ የማላውቀውን ሰው ሰላም አልኩ። ይህን ያየሽ አልመሰለኝም ነበር። አሁን ሳስበው አንቺ ያላየሽው ነገር የለም።

ፊልሙ ሲጀምር ፍንዳታውና ከበሮው ገና ከመነሻው አላስቀምጥ አለሽ። መሣሪያሽን ነቅለሽ በጭብጥሽ ያዝሽው፤ የቀረውን በዓይንሽ ብቻ አየሽ። ሽቦ በዚያ በሚያምር ወፍራም ድምፁ የኔን ንግግር ሲያነበንብ አልሰማሽም። ሰው ሲያጨበጭብ ግን አየሽ፣ አንቺም አጨበጨብሽ።

ያለቀ ጊዜ እኔና ፕሮዲውሰሩ መድረክ ላይ ወጣን። አስተዋዋቂዋ «ሥዕሉን የሠራችው እህቱ አዳራሹ ውስጥ እንዳለች ሰምቻለሁ፣ መጥታ ጥቂት ትበለን» አለች። ጭብጨባው ደመቀ። ፕሮዲውሰሩ ወደኔ ጠጋ ብሎ እንጥራት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ማይክሮፎኑ አገጬ ሥር ስለነበር ድምፄን አጥፍቼ በከንፈሬ ብቻ መለስኩለት፦

«ትቅር። አነጋገሯ ሰው ፊት ያሳፍረናል።»

እንዲህ መናገር ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። እንግዳ ቤት ሞልቶ ሳለ ከሰው ማዶ ሆኜ በከንፈሬ «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?» እልሽና ሻይ ትን ይልሽ ነበር፤ እማዬም ምክንያቱን ሳታውቅ ሁለታችንንም ትቆነጥጠን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ምስጢር የማወራው እንደዚያ ነው። ማንም እንዳይሰማኝ ብዬ፣ በዚያ አዳራሽ ካለው ሰው ሁሉ አንቺ ብቻ በምትሰሚው ቋንቋ ተናገርኩ። ፕሮዲውሰሩ ማይኩን ተቀብሎ ትንሽ አሟት ነው አለ። እኔ ወደ አዳራሹ ዞርኩ። አንቺ አፌን እያየሽ ነበር። ለማጨብጨብ ያነሳሽው እጅሽ እንዳለ ነበር።

ከዚያ መሣሪያውን ጆሮሽ ላይ ሳይሆን ቦርሳሽ ውስጥ ከተትሽው፣ ወደ እማዬ ጎንበስ ብለሽ አንድ ነገር አልሻትና ወጣሽ። ተከትዬሽ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ፣ ሰው አቀፈኝ፣ ፊርማ ጠየቁኝ፣ ሰጠሁ። ከተናገርኩት ይልቅ ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፤ ያኛው ከአፌ ያመለጠ ነው ልል እችል ይሆናል፣ ቆሞ ፎቶ መነሳት ግን አያመልጥም።

ትናንት እማዬ ጋ ሄጄ ያን ቀን ምን ብለሻት እንደወጣሽ ጠየቅኋት። ከሰው ጫጫታ መሀል «እማ፣ ድምፄ ያስጠላል?» ብለሻት ነበር። የምትቀልጂ መስሏት ሳቀች። ካንቺ የሰማችው የመጨረሻ ቃል እሱ ነበር፤ ይህን ስትነግረኝም ዝም ያልሽበት ምክንያት ገና አልገባትም ነበር። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ የቢሮውንም፣ የመድረኩንም፣ የፎቶውንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠችና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች፦

«እጇን ጉሮሮዬ ላይ እያስያዝኩ ነው አንድ በአንድ ቃል ያስተማርኳት። ስንት ዓመት። ማታ ጉሮሮዬ እስኪቆስል። አንተ ያፈርክበት የኔን ሥራ ነው።»

ተነስተህ ሂድ አለችኝ፣ ሄድኩ። አንቺ ስትናገሪ የተበላሸ ነገር እየሰማሁ ይመስለኝ ነበር። የእናታችንን ልፋት እየሰማሁ እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከቤቷ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የገባኝ።

ዛሬ ጠዋት ፕሮዲውሰሩ ጋ ሄድኩ። ሽቦ ያንቺ መሆኑን፣ መሣሪያውም፣ ቃል የሌላቸው ገጾቹም፣ የሚኮላተፈው ምላሱም ካንቺ መምጣቱን ነገርኩት። አሟት ነው ማለቱም ውሸት እንደነበር፣ ለውሸቱም ምክንያቱ እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። «ይህን ሁሉ ያኔ ብትነግረኝ ሌላ ፊልም እንሠራ ነበር» አለኝ። እውነቱን ይሁን ለማጽናናት አላውቅም፤ እኔን ግን አላጽናናኝም። የፊታችን ቅዳሜ ፊልሙ እዚያው አዳራሽ ይደገማል፤ መድረኩ ላይ አልወጣም አልኩት። አስተዋዋቂዋንም አገኘኋትና ያልኩትን ቃል በቃል ነገርኳት። ስታየኝ ፊቷ ላይ የነበረውን አልጽፍልሽም። ማይኩ ያንቺ ነው ብላለች፣ ከመጣሽ።

ልሸነግልሽ አልፈልግም፣ እታለም። ሰውነቴ የለመደውን በአንድ ሳምንት አይረሳም፤ ስትናገሪ ሰው ዞር ሲል ፊቴ ይቀላ ይሆናል። ይቅላ። የኔ ፊት እንዳይቀላ ብለሽ አንቺ ዝም የምትዪበት ምክንያት ግን የለም። እማዬን የጠየቅሻትንም የምመልሰው እኔ ነኝ፣ ያመጣሁብሽ እኔ ነኝና፦ አያስጠላም። ሽቦንም አንባቢ የወደደው በዚሁ ባንቺ አነጋገር ሲናገር ነው።

ቅዳሜ ነይ። ስለ ፊልሙ አንዲት ቃል መናገር የለብሽም፤ ሰውን ማመስገንም የለብሽም። እኔ ፊት ለፊት፣ የመጀመሪያው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ማይኩን ያዢና ስደቢኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ የምታውቂውን ሁሉ አውጪብኝ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ይየኝ። በጽሑፍ ግን አይሁን፣ በእጅሽም አይሁን። ጮክ ብለሽ ይሁን።

ስድብሽን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ፣
ወንድምሽ