የጠፋው የአንገቴ ራጅ

ለምወድሽ እታለም አርሊታ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ብርዱ ሲገባ የእማማ ጉልበትስ እንዴት አደረጋት? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ያለፈው ደብዳቤሽ ተከፍቶ እንደገና የተለጠፈ ስለመሰለኝ፣ ይህን በክለቡ በኩል ሳይሆን ራሴ ፖስታ ቤት ወስጄ እልከዋለሁ።

የዛሬ አሥር ቀን እሑድ ቀኝ እጄ ደነዘዘ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በተከላካይነት የሠራሁት አንድ ሥራ ነው፤ ሞላላዋን ኳስ ታቅፎ የሚሮጠውን ሰው ተላትሞ መጣል። ከእንጨት መሰንጠቂያው ሥራ ያወጣኝ ይኸው አንገትና ትከሻ ነው። እጄ ግን እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም። የክለቡ ሐኪም ፕሪዊት ራጅ አነሣኝና «ጅማት ነው፤ እሑድ ትጫወታለህ» አለኝ። ሲናገር ዓይኑ ጫማዬ ላይ ነበር። ራጁን አሳየኝ ስለው «ጠፍቷል» አለ። በስሜ እንኳ ጠርቶኝ የማያውቀው አሰልጣኝ በማግስቱ «ልጄ፣ እንዴት አደርህ?» ሲለኝ ጭራሽ ጥርጣሬ ገባኝ። አጠገቤ ለሚሰለፈው ለዱዌን ይህን ብነግረው «አንተ ሽማግሌ፣ ነገ ደግሞ ኳሷ እየሰለለችኝ ነው ልትል ነው!» እያለ መሳቂያ አደረገኝ። እሱንም ጠረጠርሁት።

ሐሙስ ፕሪዊት ምሳ ሲወጣ፣ ፋይል የምትይዘውን ወይዘሮ ሃልቨርሰንን ራጄን እንድታሳየኝ ለመንኋት። ከመሳቢያ ሁለት ፖስታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እጄን ልታጠብ ብላ ሄደች። አንዱ የሰሞኑ ራጅ ነው። ሌላው የዛሬ ሁለት ዓመት አንሥተውኝ ምንም የለብህም ያሉኝ ነው።

ሁለቱንም ይዤ ከወንዙ ማዶ ወደምትሠራ አንዲት አሮጊት ሐኪም ሄድሁ። ብርሃን ላይ ይዛ አየቻቸውና፣ ይህን አንገት ይዘህ ተጫወት ያለህ ማነው ብላ ተቆጣች። አጥንቴ የተሰነጠቀው ያኔ ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ አሁን ሰፍቷል። አንድ ግጭት ቢጨመርበት ከአንገቴ በታች እንደማልንቀሳቀስ ነገረችኝ። እታለም፣ ስንጥቁን እያወቁ ሠላሳ ጨዋታ አሰልፈውኛል!

አርብ ራጁን አሰልጣኙ ፊት ዘረጋሁት። አልደነገጠም። በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ የሚል ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ፤ ለካ ቀድሞ ተጽፎ ኖሯል። አልፈርምም ብዬ፣ ሐኪሟ ያለችኝንም ለቡድኑ ልጆች ነግሬ ወጣሁ። እሑድ ከተመልካቹ መሃል ተቀምጬ ጨዋታውን አየሁ። አለቀስሁ፤ ይህን ለማንም አትንገሪ።

ሰኞ ጧት ዱዌን ቤቴ መጣ። ሊቀልድብኝ መስሎኝ በሩን ገርበብ አድርጌ ያዝሁት። ጉልበቱን እያሻሸ «እኔንም ጅማት ነው ብለውኛል። ያቺ ሐኪምህ እኔንም ታየኝ ይሆን?» አለኝ። ማክሰኞ ስንሄድ ሦስት የቡድናችን ልጆች ከሐኪሟ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁን አገኘን። አምስታችን አንድ አግዳሚ ላይ ስንቀመጥ እንጨቱ ቢጮህ የሐኪሟ ነርስ በሳቅ ሞተች። ከመሃላችን አንዱ ለአሰልጣኙ ወሬ እንደሚያቀብል እጠረጥራለሁ። ያቀብል። እያንዳንዳችን የራሳችንን ራጅ በብብታችን ይዘን ወጥተናል።

እማማን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የአንገቴን ነገር ቀስ ብለሽ ንገሪያት። ለባልሽ ለሌምዩል፣ ለመንታዎቹ፣ ለአጎታችን ለሆሬስም ሰላምታዬ ይድረስ። አጎቴ በሬዲዮ ስሜን ሳይሰማ ሲቀር ሰንፎ ተቀመጠ ብሎ እንዳያማኝ፤ ቆሜ እየሄድሁ ነው በይው።

ወንድምሽ ክሊዮፈስ
ግሬንጀር ፎልስ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1979